ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት፦ የስትሪንግ ትምህርት በሲ ቋንቋ ከግዕዝ ፊደል ቢነሣ

ከአርባ ምንጭ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ላንቴ በይበልጥ የምትታወቀው በሙዝ እርሻዋ ነው። ስሟ በሦስት ፊደላት ይጻፋል፤ ላ፣ ን እና ቴ። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህን ስም በሲ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ስትሪንግ ቢያስቀምጥና ርዝመቱን «ስትርሌን» በተባለው ፈንክሽን ቢጠይቅ፣ በተለመደው የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚያገኘው መልስ 3 ሳይሆን 9 ነው። ተማሪው አልተሳሳተም፤ ኮምፓይለሩም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ተማሪው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተቀበለው ትርጓሜ ነው፤ «ቻር ማለት አንድ ፊደል ማለት ነው» የሚለው።

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የፕሮግራሚንግ መግቢያ ትምህርት ለብዙ ተማሪዎች በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ይጀምራል። ካራክተርና ስትሪንግ የሚባሉት ምዕራፎችም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ተጀምረው በእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ይጠናቀቃሉ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ልማድ ሊቀየር ይገባል የሚል ነው። የግዕዝ ፊደል ለጀማሪው የሚዘገይ ተጨማሪ ርዕስ ሊሆን አይገባም፤ ሲ ጽሑፍን በእውነት እንዴት እንደሚይዝ ከሁሉ ይበልጥ አጥርቶ የሚያሳይ የመጀመሪያ ምሳሌ ነው። ይህ የሚባለው ለፊደሉ ክብር ብቻ አይደለም። ዛሬ በመልመጃ ላይ የሚሠራ ስሕተት ነገ በሰዎች ስም ላይ ስለሚሠራ ነው።

የትርጓሜው ምንጭ

ሲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ በዴኒስ ሪቺ ተሠራ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጽሑፍን በቁጥር ለመወከል በሰፊው ይሠራበት የነበረው አስኪ የተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ የያዘውም 128 ምልክቶችን ብቻ ነበር። ለእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ለአኃዞችና ለሥርዓተ ነጥቦች ይህ በቂ ስለነበር አንድ ምልክት በአንድ ባይት ውስጥ ያለ ችግር ይገባ ነበር። «ቻር» የሚለው ስያሜም ከዚህ ሁኔታ የተወለደ ነው። ስያሜው ስለ ፊደል የሚናገር ቢመስልም የቋንቋው ደንብ ግን የሚናገረው ስለ አንድ ባይት ነው። ስትሪንግም ቢሆን በሲ ውስጥ ራሱን የቻለ የዳታ ዓይነት አይደለም፤ በሜሞሪ ውስጥ ተከታትለው የተቀመጡና በዜሮ ባይት የሚዘጉ ባይቶች ነው።

የግዕዝ ፊደል ከዚህ ሥርዓት ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው። ዩኒኮድ ፊደሉን በይፋ ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የቁጥር አሰጣጥ ይከተሉ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የታወቀ ቁጥር ሰጠ። ያን ቁጥር በባይት የሚያስቀምጠውን፣ ዛሬ እጅግ የተስፋፋውን ዩቲኤፍ-8 የተባለ ዘዴ በ1992 እ.ኤ.አ. የነደፉት ደግሞ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው። ሁለቱም በዚያን ጊዜ ይሠሩ የነበሩት ሲ በተወለደበት በዚያው በቤል ላቦራቶሪ ነበር። ዘዴው ከሲ ስትሪንግ ጋር ተስማምቶ እንዲሠራ ታስቦ በመሠራቱ፣ በውስጡ የማንኛውም ፊደል አካል የሆነ ዜሮ ባይት አይገኝም። ስለዚህ የግዕዝ ጽሑፍ በሲ ስትሪንግ ውስጥ ያለ እንከን ይቀመጣል። ችግር የሚመጣው ፕሮግራመሩ ባይቱን ፊደል ነው ብሎ ሲቆጥር ብቻ ነው።

ዘጠኙ ባይቶች

«ላንቴ» የሚለው ስም በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ በሜሞሪ ውስጥ የሚታዩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ ለ«ላ» 225፣ 136፣ 139፤ ለ«ን» 225፣ 138፣ 149፤ ለ«ቴ» 225፣ 137፣ 180። በመጨረሻም የመዝጊያው 0 አለ። ሦስት ፊደላት ዘጠኝ ባይት ሆኑ፤ ከመዝጊያው ጋር አሥር። «የፊደሉን ብዛት ቆጥረህ አንድ ጨምር» የሚለውን የተለመደ ምክር ተከትሎ አራት ባይት የሚይዝ አሬይ ያዘጋጀ ተማሪ፣ ስሙን በ«ስትርኮፒ» ሲገለብጥ ስድስት ባይት ከወሰኑ ውጭ ይጽፋል። ሲ ይህን አይከለክልም፤ የሚሆነውም ነገር በቋንቋው ደንብ አልተወሰነም። ፕሮግራሙ ሊቆም ይችላል፤ የጎረቤት ተለዋዋጭን ዋጋ ሊያበላሽ ይችላል፤ ከዚህም የከፋው፣ በዚያን ቀን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ሊሠራ ይችላል።

ከወሰን ውጭ መጻፍ የጀማሪዎች ጥፋት ብቻ አይደለም። በኅዳር 1988 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ላይ የተሰራጨው የሞሪስ ትል ወደ ኮምፒውተሮች ከገባባቸው በሮች አንዱ «ጌትስ» የተባለው፣ የሚያነበውን ጽሑፍ መጠን የማይጠይቅ ፈንክሽን ነበር። ይህ ፈንክሽን ከሲ ደንብ የተሰረዘው በ2011 እ.ኤ.አ. እትም ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚለማመድ ተማሪ ግን የዚህን አደጋ ጥላ እንኳ ሳያይ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል፤ ምክንያቱም ለአጭር የእንግሊዝኛ ቃል 20 ባይት ሁልጊዜ ይበቃል።

እነዚሁ ዘጠኝ ባይቶች ሌላም ትምህርት አላቸው። በብዙ የግል ኮምፒውተሮች ላይ «ቻር» ምልክት ያለው ቁጥር ሆኖ ስለሚታይ 225 በአኃዝ ሲታተም -31 ይሆናል። ተማሪው ይህን አሉታዊ ቁጥር «ኢዝአልፋ» ለተባለው ፊደል ለይ ፈንክሽን ቢሰጠው ውጤቱ በደንብ ያልተወሰነ ነው፤ አስቀድሞ ምልክት ወደሌለው ቻር መለወጥ ነበረበት። ይህ ጥንቃቄ በመማሪያ መጻሕፍት ግርጌ ተጽፎ የሚታለፍ ነው። ላንቴ በምትባለው ስም ግን በመጀመሪያው መልመጃ ላይ ፊት ለፊት ይመጣል።

ስም ሲቆረጥ

አንድ የተለመደ መልመጃ አለ፤ ተማሪው 20 ባይት የያዘ አሬይ አዘጋጅቶ የተጠቃሚውን ስም እንዲቀበል ይታዘዛል። ጥንቁቁ ተማሪ «ኤፍጌትስ» በተባለው ፈንክሽን ይጠቀማል፤ ይህ ፈንክሽን የአሬዩን መጠን ስለሚያውቅ ከወሰን አያልፍም። ተጠቃሚው «ኃይለማርያም» ብሎ ቢጽፍ፣ ሰባቱ ፊደላት 21 ባይት ናቸው። «ኤፍጌትስ» ለመዝጊያው አንድ ቦታ ትቶ 19 ባይት ያነባል፤ ይህም ስድስት ሙሉ ፊደላትና የሰባተኛው ፊደል አንድ ሦስተኛ ነው። በስክሪኑ ላይ «ኃይለማርያ» የሚል ጎደሎ ስም ከአንድ የጥያቄ ምልክት ጋር ይታያል። የቀሩት ሁለት ባይቶችም አልጠፉም፤ በመግቢያው ወረፋ ቆመው ለሚቀጥለው ጥያቄ መልስ ሆነው ይገባሉ። ፕሮግራሙ በሜሞሪ ደኅንነት ረገድ ትክክል ነው፤ በሰውየው ስም ረገድ ግን ስሕተት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በዚህ መልመጃ ስሙን የሚያሳጥረው ግን ማንም ያላሰበበት 20 የሚል ቁጥር ነው።

«ስካንኤፍ» የሚለውን የሚጠቀም ተማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ፈንክሽኑ ቃልን የሚያነበው እስከ መጀመሪያው ክፍት ቦታ ድረስ ነው። በኢትዮጵያ የአንድ ሰው መጠሪያ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በመሆኑ፣ ፕሮግራሙ የራሱን ስም ወስዶ የአባቱን ስም ለሚቀጥለው ጥያቄ ይተወዋል። የሚቀጥለው ጥያቄ ዕድሜ ከሆነ፣ ቁጥር የሚጠብቀው ፕሮግራም የአባት ስም ይገጥመዋል፤ ንባቡም ይከሽፋል። ይህ የሚሆነው «ገብረ መድኅን» ለሚባል ሰው ደግሞ ገና የራሱ ስም ሳይሟላ ነው።

መፍትሔው ለጀማሪ የሚከብድ አይደለም። በዩቲኤፍ-8 ውስጥ የፊደል መነሻ ያልሆነ ማንኛውም ተከታይ ባይት ከ128 እስከ 191 ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። ፊደል ለመቁጠር በዚህ ክልል ውስጥ ያልወደቁትን ባይቶች መቁጠር ይበቃል፤ ለላንቴ ሦስት ይገኛል። ጽሑፍን በደኅና ለመቁረጥ ደግሞ ሊቆረጥ የታሰበበትን ቦታ አይቶ፣ እዚያ ያለው ተከታይ ባይት ከሆነ መነሻ ባይት እስኪገኝ ወደኋላ መመለስ፣ ከዚያም ዜሮውን እዚያ ላይ ማኖር ነው። በኃይለማርያም ምሳሌ ከ19 ወደ 18 መመለስ ማለት ነው። ይህ አንድ አጭር «ዋይል» ዙር ነው። ነገር ግን ከቴክኒኩ በፊት የሚቀድም ውሳኔ አለ። በስክሪን ላይ የሚታይ ርዕስ ሊቆረጥ ይችላል፤ የሰው ስም ግን በመዝገብ ውስጥ መቆረጥ የለበትም። ቦታው ካልበቃ ፕሮግራሙ ያንን ተናግሮ ማቆም ወይም ቦታውን ማስፋት ይገባዋል።

ጉዳዩ ከመማሪያ ክፍል ውጭ ሲታይ ክብደቱ ይገለጣል። ነገ የዚያ ተማሪ ፕሮግራም በላንቴ ያሉ የሙዝ አምራቾችን ስም፣ ያስረከቡትን ኩንታልና የሚከፈላቸውን ገንዘብ የሚይዝ መዝገብ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይቻላል። በመዝገቡ ላይ ያለው ስም በመታወቂያው ላይ ካለው ጋር ሳይገጥም ሲቀር የሚመላለሰው ገበሬው ነው። ፕሮግራመሩ ስሕተቱን ፈጽሞ ላያየው ይችላል፤ እርሱ የሞከረው በአምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነበርና።

በፊደል ገበታው ላይ የሚሠሩ ሌሎች ምሳሌዎች

በአራት ነጥብ የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮችን መነጣጠል ለጀማሪ ጥሩ መልመጃ ነው። ተማሪው «ስትርቶክ» ለተባለው ፈንክሽን «።»ን መለያ አድርጎ ቢሰጠው ግን ጽሑፉ ሁሉ ይፈራርሳል። ምክንያቱም ፈንክሽኑ መለያውን እንደ አንድ ምልክት አያየውም፤ 225፣ 141 እና 162 የተባሉ ሦስት የተለያዩ መለያዎች አድርጎ ያየዋል። 225 ደግሞ የላም፣ የንም፣ የቴም መነሻ ነው። «ላንቴ።» የሚለው ጽሑፍ መጀመሪያቸውን ያጡ ሦስት ቁርጥራጮች ሆኖ ይወጣል። በአንጻሩ «ስትርስትር» ሦስቱን ባይቶች በቅደም ተከተላቸው ስለሚፈልግ ትክክለኛውን ቦታ ያገኛል። አንዱ ፈንክሽን ለምን እንደወደቀ፣ ሌላው ለምን እንደሠራ በቃል ማስረዳት የቻለ ተማሪ ስትሪንግ ምን እንደሆነ ተረድቷል ማለት ነው።

ፊደሉ ከጥንቃቄ ባሻገር ደስታም አለው። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ የግዕዝ ፊደላት በስምንት ስምንት ረድፍ የተደረደሩ በመሆናቸው፣ ከጥቂት ረድፎች በቀር፣ የፊደሉ ቁጥር ለስምንት ሲካፈል የሚተርፈው ቤቱን ይናገራል። የላ ቁጥር 4619 ነው፤ ለስምንት ሲካፈል 3 ይተርፋል። ግዕዝ ከ0 ስለሚጀምር 3 ራብዕ ነው። የን ቁጥር 4757 ሲሆን 5 ይተርፋል፤ ሳድስ። የቴ 4724 ሲሆን 4 ይተርፋል፤ ኃምስ። በልጅነቱ ሀሁን በቃሉ ያጠና ተማሪ የቢት ስሌትን ትርጉም በዚህ ገበታ ላይ ከሚያገኘው በተሻለ ሌላ ቦታ ሊያገኝ ያዳግታል።

በጋሞ ዞን ላለ ተማሪ ደግሞ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ስድስተኛው የዩኒኮድ እትም ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ 32 የግዕዝ ፊደላትን ጨምሯል። እነዚህ የተቀመጡት ከዋናው ገበታ ርቀው ስለሆነ የመነሻ ባይታቸው 225 ሳይሆን 234 ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት ደግሞ በዩቲኤፍ-8 አራት ባይት ይወስዳሉ። ስለዚህ «የግዕዝ ፊደል በ225 ይጀምራል» ወይም «ሁልጊዜ ሦስት ባይት ነው» የሚል ፕሮግራም አማርኛን ብቻ አይቶ የተጻፈ ነው። በእንግሊዝኛ ላይ የነበረው ስሕተት በአማርኛ ተደግሟል ማለት ነው። በላቲን የሚጻፉትም ቢሆኑ ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም፤ በጎረቤት ወላይታ የላቲን አጻጻፍ 7 የተባለው አኃዝ ድምፅን የሚወክል ፊደል ሆኖ ያገለግላል። በቃል ውስጥ አኃዝ ያየ ሁሉ ስሕተት ነው የሚል ፕሮግራም ትክክለኛ የወላይትኛ ቃል ይጥላል።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጫና ነው። ጀማሪ ተማሪ ዙርን፣ አሬይንና ፖይንተርን ገና እየለመደ ሳለ ዩኒኮድ ሊጨመርበት አይገባም ይባላል። ይህ ከፊል እውነት አለው። በመጀመሪያው ቀን የዩኒኮድን ታሪክ ማስተማር አያስፈልግም፤ በእንግሊዝኛ ምሳሌ መጀመርም ጥፋት የለውም። ጥፋቱ ኋላ መሻር ያለበትን ትርጓሜ መስጠት ነው። «ቻር አንድ ባይት ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል በአንድ ባይት ይገባል፤ የግዕዝ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ይፈልጋል» ማለት ከሐሰተኛው ትርጓሜ ብዙም አይረዝምም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፓይተንን የመሰሉ አዳዲስ ቋንቋዎች ችግሩን ፈትተውታል የሚል ነው። በእርግጥ ፓይተን የላንቴን ርዝመት 3 ነው ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን በስፋት የሚሠራበት የፓይተን አስፈጻሚ ራሱ በሲ የተጻፈ ነው፤ ጽሑፉም ወደ ፋይል፣ ወደ ኔትወርክ ወይም ወደ ስልክ ሲሄድ ተመልሶ ባይት ይሆናል። አንድ አጭር የስልክ መልእክት 140 ባይት ይይዛል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እያንዳንዱ ምልክት 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ምልክቶች ይገባሉ፤ በአማርኛ ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ስለሚወስድ የሚገቡት 70 ብቻ ናቸው። የሙዝ ዋጋን በመልእክት የሚያሳውቅ ሥርዓት የሚሠራ ሰው በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፍ ይህን ሒሳብ ማወቅ አለበት። በመስኖ ቦይ ላይ የውኃ መጠን የሚለካ፣ 2048 ባይት የሥራ ሜሞሪ ብቻ ያለው አነስተኛ ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚጽፈው በሲ ወይም በቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሜሞሪው ሁሉ ለጽሑፍ ቢሰጥ እንኳ የሚይዘው 682 የአማርኛ ፊደላት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስሞችን በላቲን ፊደል ብቻ መመዝገብ ይቻላል የሚል ነው። ይህ ችግሩን ከፕሮግራሙ አውጥቶ በባለቤቱ ላይ መጫን ነው። ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ከአንድ በላይ አጻጻፍ አለው፤ የትኛው እንደተመረጠ የሚያውቀው በዚያች ቀን የመዘገበው ሠራተኛ ነው። በግዕዝ ፊደልም ቢሆን «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለ«ስትርሲኤምፒ» ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ይህን ማስታረቅ ግን በታወቁ ጥቂት ድምፅ ተመሳሳይ ፊደላት የተወሰነ ሥራ በመሆኑ ራሱ ጥሩ የክፍል መልመጃ ይሆናል።

ምን ይቀየር?

ለውጡ አዲስ ኮርስ አይጠይቅም፤ በነባሩ ምዕራፍ ውስጥ አራት ነገሮችን ማስተካከል ይበቃል። አንደኛ፣ «ቻር» ሲተዋወቅ ባይት ተብሎ ይተዋወቅ። ሁለተኛ፣ «ርዝመት» የሚለው ቃል በመልመጃ ሲመጣ የባይት ነው ወይስ የፊደል ተብሎ ይጠየቅ፤ ተማሪውም ሁለቱንም የሚቆጥር ፕሮግራም ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ግብዓት የሚቀበል መልመጃ ሁሉ በሦስት ስሞች ይፈተን፦ በአጭር የእንግሊዝኛ ስም፣ በተማሪው በራሱ ሙሉ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ በፊደል ተጽፎ፣ እንዲሁም ከአሬዩ በሚረዝም ስም። አራተኛ፣ ነጥብ ሲሰጥ ፕሮግራሙ ስለሠራ ብቻ ሳይሆን ቦታ ሲያንሰው ምን እንዳደረገም ይታይ። ዝም ብሎ የቆረጠ ፕሮግራም ሙሉ ነጥብ ማግኘት አይገባውም።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለተመራማሪዎችም ክፍት ሥራ አለ። በአማርኛ፣ በጋሞኛና በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች ጽሑፍ ላይ የሚሞከሩ፣ ለጀማሪ የሚመጥኑ የመልመጃዎችና የፈተና ጽሑፎች ስብስብ ማዘጋጀት ትልቅ በጀት አይፈልግም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1986 እ.ኤ.አ. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲመሠረት ከአካባቢው ተፈጥሮ ተነሥቶ ነበር። የኮምፒውተር ትምህርትም ከአካባቢው ስሞችና ፊደላት ቢነሣ ከዚያ መንፈስ አይርቅም።

የመጀመሪያ ፕሮግራሙን የሚጽፍ ተማሪ «ላንቴ» ብሎ ጽፎ 9 የሚል መልስ ሲያገኝ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። ኮምፒውተሩ ለፊደሉ አልተሠራም ብሎ ወደ እንግሊዝኛ ሊመለስ ይችላል፤ ወይም ዘጠኙ ምንድን ናቸው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የትኛውን እንደሚመርጥ የሚወስነው ብዙ ጊዜ በዚያች ሰዓት አጠገቡ የቆመው መምህር የሚሰጠው መልስ ነው።